በር የምትከፍተዋ ሴት

ለናፍቆቴ ለልጄ፤

ሰላምታዬ ደብዳቤውን ቀድሞ ይድረስሽ። እኔ፣ አምላክ ይመስገን፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ቤቱም እንደተውሽው ነው።

ወንድምሽ የሚለፋበት፣ ከአሻንጉሊቶቹ ፊልም የሚሠሩት የኮምፒውተር ጨዋታ፣ ጌሙ፣ ተሰረዘ። የፊልሙ ባለቤቶች ዛሬ የጅቡን ጆሮ አሳጥሩ፣ ነገ መልሳችሁ አስረዝሙ ሲሉ ከርመው፣ በመጨረሻ የሰጡትን ፈቃድ ነጠቁ። የተሠራው ሁሉ እንዲጠፋ፣ አንድም ቅጂ እንዳይቀር ሠራተኞቹን አስፈረሟቸው። "አባዬ፣ ከጅቡ ጆሮ ጋር እኔም አጠርኩ" ብሎ አሳቀኝ፤ የእሱ ሳቅ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

በጌሙ ውስጥ በር የምትከፍት ሴት ነበረች። ተዋናይ እስክትገኝ ለጊዜው ብሎ የእናትሽን ድምፅ ነበር የቀዳው፤ ልብስ መሀል ድምፅ አያስተጋባም ብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብቷት። "ይሄ ጨዋታ ነው ቅጣት?" እያለች ከካፖርቴ ሥር ስትስቅ ትዝ ይለኛል። እናትሽ ካረፈች በኋላ ተዋናይዋ ተገኘች ሲሉት፣ ነገ ዛሬ እያለ ሳይቀይረው ቆየ።

እኔም ለሙከራ በሰጠኝ የጌሙ ማሽን ሌላውን ጨዋታ ትቼ በሩን ብቻ አንኳኳ ነበር። "መጣህ? ግባ፣ ብርድ ነው" ትለኛለች። ማክሰኞ ከመሥሪያ ቤቱ መጥተው ማሽኑን ወሰዱት።

አሁን ከጸሎቴ በኋላ ቁም ሣጥኑን ከፍቼ እቆማለሁ። "መጣህ" ስትል የቃሉን መጀመሪያ ነበር የምትስበው ወይስ መጨረሻውን? ወንድምሽን እንዳልጠይቀው ሆዱ ይባባል።

አንቺን ድምፅሽ ቁርጥ የእናትሽ ነው ይሉሽ ነበር። ስትደውይ፣ ጤናዬን ከመጠየቅሽ በፊት "መጣህ?" በይኝ። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ።

የፈጣሪ ጥበቃ በመውጫ በመግቢያሽ ይሁን።

ስልኩ አጠገብ የማይጠፋው
አባትሽ