ለማር ቂጣ ያኮረፈው ፊት

ልጄ ፕሪሞስ፣

ከገንዘብ መምቻው ቤት አባረሩኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ብረት ስቀርጽበት የኖርሁትን ወንበር ቀምተው፣ «የከሃዲው ወገን» ብለው ከበር አስወጡኝ። ወሬው በወታደር አፍ ዳኑብ ወንዝ ዳር ጦር ሰፈርህ ድረስ ሳይደርስ ከእኔ ስማው።

ለመሆኑ አንተ እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህን የያዘህ ብርድ ለቀቀህ ወይ? ሚስትህ ቬራኒያ ደህና ናት? ትንሿ ሲልቪና ጥርስ አወጣች? እኛ ደህና ነን። እናትህን ጎኗን ይወጋታል እንጂ ምላሷስ ጨርሶ አልታመመም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የንጉሡ ታናሽ ወንድም ከሃዲ ተብሎ ከተገደለ ወዲህ ስሙና መልኩ ከየሐውልቱና ከየሳንቲሙ እንዲፋቅ ታዟል። አለቃችን ይህ የተገደለው ልዑል ልጅ ሳለ መልኩን የቀረጽሁበትን የሳንቲም መምቻ ብረት ከሣጥን አውጥቶ፣ መሮ አስጨበጠኝና «አንተ ሽማግሌ፣ የሠራኸውን ራስህ አጥፋ» አለኝ። አልመታም አልሁት። «ሙት ትፈራለህ እንዴ?» ብሎ ሠራተኛውን አሳቀብኝ። ኋላም ራሱ ሲመታው ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርሁ።

ልጄ፣ ያ ፊት ያንተ ነው። ያኔ ከቤተ መንግሥት የመጣልን የልዑሉ የሰም ምስል በሙቀት ቀልጦ አፍንጫ እንኳ አልነበረውም፤ ሥራው ደግሞ ተቸኩሎበት ነበር። አንተን መስኮት ሥር አስቀምጬ ቀረጽሁ። እናትህ እስክጨርስ የማር ቂጣ ስለከለከለችህ ለንቦጭህን ጥለህ ነበር፤ ያንኑ ኩርፊያ አሳምሬ አወጣሁት። አገሩ ሁሉ ሳንቲሙን እያገላበጠ «የንጉሥ ልጅ ኩራቱ ከልጅነቱ ያስታውቃል» ሲል፣ እኔና እናትህ አንገታችንን ደፍተን እንስቅ ነበር።

ዛሬ እውነቱን ብናገር የባሰ ነው። የራሱን ልጅ በልዑል ቦታ አስቀመጠ ተብሎ አንገቴ ይቀላል፤ ላንተም ይተርፋል። ስለዚህ ከሃዲ የሚለውን ስም ተሸክሜ ወጣሁ። እናትህ «ብረት እኮ ነው! ልጅህ በሕይወት አለ፤ መትተህ ደመወዝህን አትበላም ነበር?» እያለች ስትነዘንዘኝ ሰነበተች። በመጨረሻ «አንቺ ብትሆኚ ትመቺው ነበር?» አልኋት። ያንተን ካልሲ አንሥታ መሥራቷን ቀጠለች።

ጓደኞችህ አባትህ የከሃዲ ወገን ነው ቢሉህ እንዳትጣላ። ግትር ሽማግሌ ነው በላቸውና እለፍ። ይህን አንብበህ እሳት ውስጥ ጨምረው።

ቬራኒያን ሰላም በልልኝ። ሲልቪናን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። እናትህ የሱፍ ካልሲ ልካልሃለች፤ እንዳትሸጠው ብላለች።

ስለዚህ ጉዳይ ከእንግዲህ አንድ ቃል ከአፌ አይወጣም። አትጠይቀኝ፤ ብትጠይቀኝም አልመልስልህም።

አባትህ ትሬቢዮስ
ሮም፣ በሚያዝያ ወር መግቢያ