ሲስተም በካርድ ክፍሉ መስኮት

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የካርድና ቀጠሮ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ ጤናዎን፣ በተለይም የዓይንዎን ጤና፣ ከልቤ እመኛለሁ፤ ምክንያቱም ዓይንዎን ቢያምዎ የሚመጡት ወደዚሁ ወደ ራስዎ መስኮት ነውና እንዲህ ያለውን ነገር ለማንም አልመኝም።

እኔ በማተሚያ ቤት የጽሑፍ አራሚ ነኝ። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል፤ ሁለተኛውን ያየው ሐኪም የዓይኗ ግፊት ስለጨመረ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገላት የሄደው ብርሃን እንደማይመለስ ነግሮን፣ ቀጠሮ እንድንይዝ ወደ ክፍልዎ ላከን። ከዚያ ወዲህ ስለቀሰምኩት ዕውቀት ላመሰግንዎ እወዳለሁ።

አንደኛ፣ ሲስተም የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አውቀዋለሁ ብዬ እመጻደቅ ነበር። መዝገበ ቃላቱ ሥርዓት ይለዋል፤ ሐኪሙ ስለ ሆድ ዕቃ ሲያወራ ይጠቀምበታል፤ የቧንቧ ሠራተኛውም ስለ ውሃ መስመር። በእርስዎ መስኮት ያለችው እኅታችን ግን «ሲስተም የለም» ስትል መብራት ጠፍቷል ማለቷ ነው፤ መብራቱ በርቶ ስትለው ኮምፒውተሩ አልሠራም፤ ኮምፒውተሩ እየሠራ ስትለው ደግሞ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ባልደረባዋ ሻይ ሊጠጣ ወጥቷል። ዘበኛው አንድ ቀን «ሲስተም ደክሟል» ቢለን፣ እናቴ የታመመ አለቃ መስሏት ምሕረቱን ያውርድለት ስትል ሰነበተች።

ሁለተኛ፣ የቃሉን አመጣጥ ብፈልግ ከጥንት ግሪክ የመጣ ሆኖ ሥሩ አንድ ላይ ማቆም ማለት መሆኑን አገኘሁ። ክፍልዎን በማማቴ አፈርኩ፤ ለካ በሽተኛውን ሁሉ ከግድግዳው ሥር አንድ ላይ የምታቆሙት ለቃሉ ታማኝ ሆናችሁ ኖሯል። ከእኅታችን ጀርባ ያለው መደርደሪያ በወረቀት ካርድ የታጨቀ ስለሆነ ቀጠሮውን በእስክሪብቶ እንድትጽፍልን ለመንናት። ሲስተም ከመጣ ወዲህ በእጅ መጻፍ ክልክል ነው አለችን። ሲስተም በሌለ ጊዜስ ብላት፣ በሌለማ እንዴት ይጻፋል አለችኝ።

ሦስተኛ፣ ይህ እንኳ ከቅሬታ አይቆጠርም፤ በሰልፉ ላይ ተራ እየተፋለሰ ሰው ሲናቆር እናቴ ከቤት የጨርቅ ቁራጭ አምጥታ፣ በዳበሳ ቁጥር እየጠለፈች ለእያንዳንዱ ማደል ጀመረች። ቁራጩን የያዘ ሰው ሄዶ ይቀመጣል፣ ተራውን የሚነካበት የለም። ይህ አሠራር መብራት አይፈልግም፣ ለሻይም አይወጣም። ሲስተም የመጣ ዕለት አንደኛው ቁጥር በእናቴ እጅ ነበር። ከኋላዋ ዓይኑ ያበጠ ሕፃን የታቀፈች ሴት ቆማ ነበርና እናቴ የእኔስ ሕመም የቆየ ነው ብላ ቁራጩን ሰጠቻት። የሕፃኑ ቀጠሮ ተያዘ፤ የእናቴ ስም ሲጠየቅ ሲስተሙ ሄደ፤ እኅታችንም መጋረጃውን ሳበችው። እናቴ አልተቆጨችም። እኔ በጣም ተቆጭቼ ነበር፤ አሁን መቆጨቱም ትቶኛል።

አራተኛ ቅሬታ የለኝም። ባለፈው ሳምንት አንድ ጠዋት፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ የስፌት መኪናው ላይ አርፋ ሳለ፣ እናቴ «ልጄ፣ እስቲ መብራቱን አብራልኝ፣ ጨለመብኝ» አለችኝ። ተነሥቼ ማብሪያውን ተጫንኩት። «አሁንስ በራ?» ስትለኝ በርቷል አልኳት። ማልቀስ ነበረብኝ፤ አልመጣልኝም። ቁርሳችንን በላን፣ እኔም ወደ ሥራ ሄድኩ።

ለሰጡን ትምህርት፣ ላስተማሩን ትዕግሥት፣ ለግድግዳውም ጥላ ጭምር ምስጋናዬ ወደር የለውም። ወንበርዎ እንዲደላዎ፣ ሻይዎም እንዳይቀዘቅዝብዎ እየተመኘሁ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

የልብስ ሰፊዋ ልጅ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ከክፍልዎ በእናቴ ስልክ የጽሑፍ መልእክት ገባ። ቀጠሮ ተይዞላታል፤ ሲስተም መጥቷልና እንኳን ደስ አለዎ። መልእክቱ ገና ከመጀመሪያው መስመሩ ታካሚዋ ራሷ በጥሞና አንብባ እንድታረጋግጥ ያሳስባል፣ በሌላ ሰው ማስነበብም የተከለከለ መሆኑን ይገልጻል። መመሪያዎን ስለማከብር ስልኩን በእጇ አስይዣት ወጥቻለሁ።