የሰላዩ ምትክና የእኔ ክፍል

ጢሞ፣

ሳትነሳ ወጥቻለሁ። የምሄድበት የኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታ ሥራ ሦስት ወር ይፈጃል።
የኩሽናውን ቧንቧ አጥብቀህ አትዝጋው፣ ይሰበራል።

ትናንት ስለ ሰላዩ ፊልም ያልከው እስካሁን ያስቀኛል። «ተዋናዩ ቢቀየር ምን አለበት? ስሙ ያው፣ ሱፉ ያው!» ስድስት ሰው ሲፈራረቅበት አለቃው አንድ ቀን እንኳ «አንተ ደግሞ ማነህ?» አለማለቱ ለአንተ ጥበብ ነው። ለካ ክፍሌንም ሳትጠይቀኝ ለአክስትህ ልጅ የሰጠኸው በዚሁ ፍልስፍና ነው። ጎሽ! ነጠላ ጫማዬ በሩ ሥር አለልህ። ልክ ከሆነው በእኔ ስም ጥራው።

ስንጣላ ሪሞቱን ወርውሬ መስበሬ ግን ልክ አልነበረም። በምትኩ የገዛሁት ሪሞት ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነው።

ግድግዳው ላይ የለጠፍነውን የመጪ ፊልሞች ዝርዝር እንዳትነቅለው። የመጀመሪያው የእኛው ሰላይ ነው፣ ቅዳሜ ይጀምራል። ለሁለታችን የቆረጥኳቸው ትኬቶች ፍሪጁ ላይ ናቸው። ምትኬን፣ ያን የአክስትህን ልጅ፣ ይዘኸው ሂድ።

አንድ ነገር ብቻ ንገረው። መኪና ማሳደዱ ገና ሲጀመር አንተ ማንኮራፋት ትጀምራለህ። ያን ሁሉ ፊልም በክርኔ እየጎሸምኩ ያሳየሁህ እኔ ነኝ። እሱ ዝም ብሎ ካስተኛህ፣ ያኔ ደውልና «ተዋናይ ቢቀየር ምን አለበት?» በለኝ።

ተሰናባቹ ተዋናይ