ሰማያዊው መብራትና የፊት ጥርሴ

ዓርብ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ላሊበላ

እፎይ! የፊት ጥርሴ ተሠራ። ማክሰኞ ቆሎ ስቆረጥም ከተሸረፈ ወዲህ «ሰ» ባልኩ ቁጥር ያፏጭ ነበር። ትናንት የዜማ መምህሬ የኔታ «ዲያቆን ነህ እባብ?» ብለው አስቆሙኝ። ከነገ ወዲያ ጥምቀት ነው፤ ታቦቱ ፊት እያፏጨሁ ልቆም ነው?

የጥርስ ሐኪሟ መጀመሪያ መስኮቱን ጋረደች። «መሙያውን የቀን ብርሃን ካገኘው ቅርጽ ሳላስይዘው ይደርቅብኛል» አለች። ከዚያ ሊጥ የመሰለ ነገር ለጥፋ አስተካከለችና ሰማያዊ መብራት አበራችበት። ወዲያው በምላሴ ስነካው ድንጋይ ሆኗል።

«ብርሃኑ ሊጡ ውስጥ የተኛውን ንጥረ ነገር ቀስቅሶ እርስ በርሱ ያያይዘዋል» አለችኝ።

እኔ ግን ልቤ አላረፈም፤ በቀጥታ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። ዐይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ከጆሯቸው ግን የሚያመልጥ የለም። የመብራቱን ነገር ነገርኳቸው።

«ሳያቃጥል?»

«ሳያቃጥል፣ የኔታ።»

«እስቲ የጥምቀቱን ዜማ፣ እስመ ለዓለሙን በል።»

አልኩት። አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። እኔን ላብ አጠመቀኝ።

«ዜማውን ስተሃል፤ ከመጀመሪያው ድገም!» ብለው ተቆጡ።

ስለ ፉጨት ግን ቃል አልተነፈሱም። ተመስገን! በቁጣቸው እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።