ከጉሮሮህ የተወሰደችው ናሙና

ውድ ባለቤቴ ይልማ፣

ከተለየኸን ይኸው ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ቤቱ ደህና ነው። እዚህ ሞላሌ ከተማም ሞባይል ገባ። ትልቋ ልጃችን ደብረ ብርሃን መምህራን ኮሌጅ ገብታ እሑድ እሑድ ትደውልልኛለች። እኔ አሁንም አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። እናትህ አምና ፍልሰታ ሊፈታ ሲል ዐረፉ። የበግ ጠጉር ባና የምትሸምንበትን ዕቃ ለወንድምህ ሰጠሁት፤ ዕቃው ሥራ ፈትቶ ቆሞ ሳየው አላስችል አለኝ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። በክረምቱ ያ አዲስ አበባ ያከመህ ሐኪም ደወለልኝ።

የመጀመሪያውን ቀን ታስታውሳለህ፤ የጉሮሮህ ካንሰር ገና ትንሽ ነው ብሎን ሁለት መንገድ አሳየን። አንዱ ቀዶ ጥገና ነው፤ ድምፅህ አብሮ ይሄዳል። ሌላው ጨረር ነው፤ ድምፅህን ያተርፋል፣ ለማን እንደሚሠራ ግን አስቀድሞ አይታወቅም። እኔ ቀዶ ጥገናውን ፈለግሁ። አንተ “እናቴ ዓይኗ አያይ፤ ድምፄን ካጣች በምን ታውቀኛለች?” አልክ። ከዚያ ወዲያ አልተከራከርኩህም። ውስጤ ግን ተቆጥቶብህ ነበር።

ለጨረሩ ሰባት ሳምንት አዲስ አበባ አክስትህ ቤት ከረምን። የአንገትህ ቆዳ ጠቆረ፤ ከአጥሚት በቀር የሚወርድልህ አልነበረም። መጋቢት ላይ ወደ ቤት ስንመለስ ደጃፍ ላይ ሆነህ እናትህን ጠራሃቸው። ከሕክምናው በፊት ድምፅህ ሻክሮ በነበረ ጊዜ “ይሄ ሰውዬ ማነው?” ሲሉ የከረሙት እናትህ፣ “ዛሬስ ልጄ መጣ” ብለው ሳቁ።

ስምንት ወር እንደዚያ ኖርን። ኅዳር ላይ፣ ገብስ አጨዳው መሐል፣ ድምፅህ እንደገና ሻከረ። “የበግ ጠጉር ብናኝ ነው” አልከኝ። ብናኝ እንዳልሆነ አውቄ ነበር። አጨዳው ይለቅ፣ ውቂያው ይለቅ እያልኩ ዝም አልኩ። በኋላ ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ወደ አንገትህ እጢዎች ተሰራጭቶ ነበር። እያወቅሁ ዝም ማለቴን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለአንተም ቢሆን።

ሐኪሙ የደወለው፣ ያኔ ከጉሮሮህ የቆረጧት ናሙና በሰም ተሸፍና እስካሁን ተቀምጣ ስላለች ነው። ጨረር የረዳቸውንና ያልረዳቸውን ሰዎች ናሙና እያነጻጸሩ፣ በውስጡ ያሉት ፕሮቲኖች ማንን እንደሚረዳ አስቀድመው ይናገሩ እንደሆነ ሊመረምሩ ነው። የአንተንም ለመጨመር ፈቃዴን ጠየቀ።

አዲስ አበባ ሄድኩ። “ይሄ ምርመራ ያኔ ቢኖር ይልማ ይተርፍ ነበር?” አልኩት።

“አላውቅም” አለኝ። “ፕሮቲኖቹ ፍንጭ ይሰጡን ይሆናል፤ ግን ገና በብዙ ሰው ላይ መረጋገጥ አለበት።”

ሊያጽናናኝ ብሎ አለመዋሸቱን ወደድኩለት። ፈረምኩ።

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ እንደኛው ከመንዝ፣ ከዘመሮ የመጣች አንዲት ሴት አገኘሁ። ባሏ ጨረሩን ሊጨርስ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ አንገቱን በሻሽ ጠምጥሞ ከጎኗ ተቀምጧል። የመንዝ ሰው መሆኔንና ባሌም በጨረር መታከሙን ስትሰማ፣ “ባለቤትሽን ረድቶታል?” አለችኝ።

“ስምንት ወር በገዛ ድምፁ አነጋገረን” አልኳት። “ድምፁ እንደገና ከሻከረ ግን አጨዳ አትጠብቂ። እኔ ጠብቄያለሁ።”

እጄን ያዘችኝ። ስልክ ቁጥሬን ሰጠኋት።

ይልማ፣ ድምፅህን መምረጥህን ይቅር ካልኩ ቆየሁ። ይቅር ያላልኩት የራሴን ዝምታ ነበር። ከእንግዲህ አንተን ሳስታውስ ያንን ኅዳር ብቻ ሳይሆን እነዚያን ስምንት ወራትም አስታውሳለሁ፤ ለልጆቹም እነግራቸዋለሁ። ሁሉንም፣ ዝም ማለቴም ሳይቀር።

ትናንት ያቺ ሴት ደወለችልኝ። የባሏ ድምፅ ከሰኞ ጀምሮ ሻክሯል። በሽታው ተመልሶ ይሁን ጉንፋን ገና አልታወቀም። ገብሳቸው ግማሹ ሳይታጨድ እርሻ ላይ ቆሟል፤ እነሱ ግን ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ መኪና ላይ ነበሩ።

ባለቤትህ