የላይኛው ክንፍ

አሶሳ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1988 ዓ.ም.

በሬዲዮ የምትታዘዘው ባለድርብ ክንፍ የአውሮፕላን ሞዴሌ ዛሬ በረረች። ማንም ሳያሳየኝ፣ የአሠራር ሥዕሉን ብቻ እያየሁ በአራት ወር ገጣጥሜያታለሁ። የአዲሱ ክልል ቢሮ ሠራተኞች ሜዳው ዳር ቆመው አጨበጨቡልኝ።

ካሳረፍኳት በኋላ ከላይኛው ክንፍ ሥር የእኔ ያልሆነ ሙጫ አየሁ። ክንፉ ሁለት ጣት ወደ ኋላ ተገፍቷል። የምሠራው ሙሳ ሱቅ ጀርባ ስለሆነ እሱን ጠየቅሁት።

«ወላሂ እኔ ነኝ። ሁለቴ ወደቀች አይደል? ክንፉ ወደ ኋላ ይሂድ ስልህ መቼ ሰማህ?»

«ተደብቀህ?»

«በረረች እኮ፣ አንተ ሰውዬ! ደስ ይበልህ እንጂ።»

የሃያ ዓመት ወዳጄ ነው። ሰው የእሱን ሥራ የእኔ መስሎት ሲያጨበጭብ፣ እሱም አብሮ ያጨበጭብልኝ ነበር።

ነገ ክንፉን እኔ ወዳደረግሁበት ቦታ እመልሰዋለሁ። ትውደቅ።