ሚጡ አልበላም ስትል

ለተከበሩ የሚጡ አያት፣

እማማ፣ እንደምን ከረሙ? ያ ደም ግፊትዎ ጋብ አለልዎት? መድኃኒቱን በሰዓቱ እየወሰዱ ነው ወይስ እንደ ልማድዎ መሳቢያ ውስጥ ረስተውታል? እኛ ሦስታችንም አለን፤ አባቷ ከአውቶቡሱ ጋር፣ እኔ ከስፌት መኪናዬ ጋር፣ ሚጡ ደግሞ ከሁለታችንም ጋር እየታገልን።

ይህን የምጽፍልዎ አባቷ ሳያውቅ ነው። እሱ በስልክ «ጥጋብ ነው፣ ምንም አልሆነችም» የሚልዎት እንዳያስቡ ብሎ ነው። እኔ ግን ባለፈው ሲሄዱ በር ላይ ቆመው «የልጄ ልጅ ከከሳች መጥቼ እወስዳታለሁ» ሲሉት ወጥ ቤት ሆኜ ሰምቻለሁ። አልተቀየምኩም። ልጅዎ ካረፈች ሁለት ዓመት ሳይሞላ በእሷ ቤት ሌላ ሴት ሽንኩርት ስትከትፍ ማየት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ እውነቱን ከእኔ ይስሙት፤ ሚጡ ከስታ ነበር።

እርስዎ በሄዱ በሳምንቱ ጀመራት። ሰኞ «እንቁላል!» ብላ ጮሃ ሁለት ትበላለች፤ ማክሰኞ ያንኑ እንቁላል እንደ ጠላት ታየዋለች። ሩዝ ስሰጣት አንድ አንዷን ፍሬ እየለቀመች ጫማዬ ውስጥ ትከታለች። ካሮቱ ድንቹን ከነካማ አለቀ፣ ሳህኑ በሙሉ ይባረራል። አባቷ ማንኪያውን አውቶቡስ አድርጎ፣ በአፉ ጡሩንባ እየነፋ፣ «በሩን ክፈቺ፣ ተሳፋሪ አለ!» ይላታል። አንድ ቀን አፏን በመዳፏ ሸፍና «ሞልቷል» አለችው። አሥር ዓመት ሲያሽከረክር እንዲህ ያለ ረዳት ገጥሞት አያውቅም። ስቀን ስቀን ሳህኑን እንዳለ መልሼ አነሳሁት።

አሁን የሚከብደኝን ልንገርዎ። ለቅዳሜ የሚደርሱ ሦስት የሚዜ ቀሚሶች ነበሩብኝ፤ ሚጡ ከጠዋት ጀምሮ ከውኃ በቀር ምንም አልቀመሰችም። ሾርባውን ሦስት ጊዜ አሞቅኩት። በሦስተኛው ትዕግሥቴ አለቀና አገጯን ይዤ በግድ አፏ ውስጥ ጨመርኩት። ትን አላት፤ አለቀሰች፤ የገባውን ሁሉ አስመለሰችው። እጄ ለምን እንደዚያ እንደጨከነ ኋላ ሳስበው ገባኝ። ፈርቼ ነበር፣ እማማ። እንዳይወስዷት ፈርቼ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኪያ ስታይ ጠረጴዛ ሥር መግባት ጀመረች። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ግማሽ ኪሎ ቀንሳለች። ነርሷ ዕድሜያቸው የገፋ ሴት ናቸው። ያደረግሁትን ሁሉ ስነግራቸው አልተቆጡኝም። «ምን እንደሚቀርብና መቼ እንደሚቀርብ ያንቺ ሥራ ነው፤ ስንት እንደምትበላ የእሷ ሥራ ነው። ሥራዋን አትቀሚያት» አሉኝ። ቀጥለውም «አፏን አፏን አትዪያት፤ አንቺም ብዪ» አሉኝ። ለካ እኔም ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር።

በማግስቱ ሁለት ሳህን ይዤ ምንጣፍ ላይ ተቀመጥኩ። የእሷን ፊቷ አስቀምጬ የራሴን እየበላሁ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ዞር ብዬ ላለማየት የታገልኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። የመጀመሪያው ቀን ምንም። በሁለተኛው ቀን አንድ ካሮት ላሰችና ሳህኔ ላይ መለሰችልኝ። በአምስተኛው ቀን ግን ትንሽዬ እጅ ሳህኔ ውስጥ ገባች፤ ድንች አነሳች፤ ወደ ራሷ አፍ ትወስደዋለች ስል ወደ እኔ አፍ አመጣችው። «ብዪ» አለችኝ። በላሁ። ቀጥሎ ለራሷ ጎረሰች። አንዴ ለእኔ አንዴ ለእሷ እያልን ሁለት ድንች ጨረስን።

ስታጎርሰኝ በአንድ ስም ጠራችኝ። ማንም አላስተማራትም። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ፤ የሰው ዕቃ የወሰድኩ መሰለኝ። ተነስቼ ከመደርደሪያው የልጅዎን ፎቶ አወረድኩና «የዚህ ስም ባለቤት እሷ ናት» አልኳት። ሚጡ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ሳህኗ ላይ የቀረችውን ድንች ቆርሳ ፎቶው አፍ ላይ ለጠፈቻት። «ብዪ» አለቻት፣ በዚያው ስም ጠርታ። መስታወቱን እስካሁን አልወለወልኩትም። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ መጥተው ከራሷ አፍ ይስሙት።

ነገሩ አለቀ ብዬ እንዳላታልልዎ፣ በማግስቱ ድንች ለዓይኗም ጠላች። ትናንት ስትመዘን ግን ያጣችውን መልሳ ትንሽ ጨምራለች።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ልጅዎ በዚህ ዕድሜዋ ምን ትወድ ነበር? ምንስ ትተፋ ነበር? የሚያስታውሱትን ሁሉ ይጻፉልኝ። ሚጡ አልበላም ስትል «እናትሽም እንዲህ ነበረች» ልላት እፈልጋለሁ።

ሊወስዷት ከሆነም ይምጡ፤ በር አልዘጋብዎትም። ብቻ መጀመሪያ ከእኛ ጋር አንድ ምሳ ይብሉ። መሬት መቀመጥ ቢያስቸግርዎ ብዬ ወፍራም ትራስ ሰፍቼልዎታለሁ።

በእጇ አጉርሳዎት ለማየት ፈጣሪ ሁላችንንም ያብቃን።

አክባሪዎ፣
የአማችዎ ባለቤት